ፓቹ የሚሠራው ቆዳ ላይ ነው ወይስ ደም ውስጥ?

በቆዳ ላይ ስለሚለጠፉ የሕመም ማስታገሻ መድኃኒቶች፣ በተለምዶ ፓች ስለምንላቸው፣ ሦስት ደብዳቤዎች ደርሰውናል። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢመስሉም መነሻቸው አንድ ስለሆነ መልሶቹን አንድ ላይ አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ እናቴ የ71 ዓመት ሴት ናት። አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባት ቁስሉ ከዳነ ወራት ቢያልፉም በጎኗ ላይ ያለው ሕመም አልተዋትም፤ ልብስ ሲነካት እንኳ ትጮኻለች። ሐኪሟ የሊዶኬይን ፓች ካዘዘላት አንድ ሳምንት ሆኗታል፣ ነገር ግን ብዙ ለውጥ አላየንም። አጎቴ በበኩሉ ለካንሰር ሕመሙ ፌንታኒል የሚባል ፓች ይጠቀማል። የእሱ ፓች ከእሷ በጣም ያነሰ ሆኖ ሳለ ሦስት ቀን ሙሉ ያስታግስለታል። ከእሱ አንዱን ቆርጠን ግማሹን ብንለጥፍላት ምን ይላሉ?

መልስ፦ የአጎትዎን ፓች፣ ሙሉውንም ሆነ ግማሹን፣ ለእናትዎ ፈጽሞ አይለጥፉላቸው። የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት የጥንካሬ ብቻ ሳይሆን የአሠራርም ነው። የሊዶኬይን ፓች የሚሠራው በተለጠፈበት ቦታ ላይ ነው፤ በአልማዝ ባለጭራ የተጎዱትንና ያለ በቂ ምክንያት የሕመም መልእክት የሚልኩትን የነርቭ ጫፎች ያረጋጋል እንጂ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ባለ 5 በመቶው ፓች 700 ሚሊ ግራም ሊዶኬይን ሲይዝ፣ በታዘዘው መሠረት ከተጠቀሙበት ወደ ሰውነት የሚዘልቀው 3 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ለፌንታኒል ግን ቆዳ መተላለፊያ እንጂ መድረሻ አይደለም። በደም ተጉዞ አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ስለሚደርስ ጀርባ ላይም ተለጠፈ ክንድ ላይ ሥራው ያው ነው፤ መጠኑም የሚለካው በሰዓት በሚለቀቅ ማይክሮ ግራም ነው። የፓቹ ማነስ የመድኃኒቱን ኃይል አያሳይም፤ እንዲያውም በጣም ጥቂቱ ብዙ ስለሚሠራ ነው ፓቹ ትንሽ የሆነው።

ፌንታኒል የሞርፊን ወገን ከሆኑት ኃይለኛ መድኃኒቶች አንዱ ነው። በሰዓት 25 ማይክሮ ግራም የሚለቅቀው ፓች እንኳ የሚታዘዘው ሰውነታቸው እነዚህን መድኃኒቶች ለለመደ ሰዎች፣ ለምሳሌ በቀን ቢያንስ 60 ሚሊ ግራም በአፍ የሚወሰድ ሞርፊን ለአንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ለወሰዱ ሕመምተኞች ነው። ሞርፊን ነክቷቸው የማያውቅ የ71 ዓመት አዛውንት ቢለጥፉት ትንፋሻቸው እየቀነሰ ሄዶ ሊቆም ይችላል፤ ይህም የሚሆነው ቤተሰቡ «አሁንስ ሕመሙ ተሻላቸው፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ብሎ ደስ ባለው ሰዓት ሊሆን ይችላል። መቁረጡ ደግሞ አደጋውን ያባብሰዋል እንጂ አይቀንሰውም፤ ምክንያቱም ፓቹ ሲቆረጥ ቀስ በቀስ ሊወጣ የታሰበው መድኃኒት ከመጠን በላይ በአንድ ጊዜ ሊለቀቅ ይችላል።

የእናትዎ የሊዶኬይን ፓች ግን ሊቆረጥ ይችላል፤ የሚያጣብቀውን ገጽ የሸፈነው ልጣጭ ሳይነሣ በመቀስ የሚያመውን ቦታ በሚያህል መጠን ይቁረጡት። ባለ 5 በመቶው በአንድ ጊዜ እስከ ሦስት ድረስ ይለጠፋል፣ ለ12 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያም ለሚቀጥሉት 12 ሰዓታት ቆዳው ያርፋል። የሚለጠፈው ቁስልና ውኃ የቋጠረ እብጠት በሌለበት ጤነኛ ቆዳ ላይ፣ ሕመሙ በሚሰማበት ቦታ ነው። ብዙ ሰዎች ሕመሙ ጎን ላይ እያለ ፓቹን ምቹ ነው ብለው ክንድ ላይ ይለጥፉታል፤ ሊዶኬይን በዚህ መልኩ ምንም አይሠራም። አንድ ሳምንትም ለፍርድ አይበቃም፤ መጥቀም አለመጥቀሙ የሚመዘነው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ከተጠቀሙበት በኋላ ነው።

ያን ያህል ቆይተው ለውጥ ካላዩ ወደ ሐኪማቸው ይመለሱ፤ ይህ ፓች ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራ መታወቅ አለበት። ሌሎች አማራጮችም አሉ፦ ለነርቭ ሕመም የሚታዘዙት ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን በአፍ ይሰጣሉ፤ አሚትሪፕቲሊንም ይታዘዛል፣ ነገር ግን በእናትዎ ዕድሜ እንቅልፍ የማብዛትና የመውደቅ አደጋ ስላለው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ከፓቾችም ውስጥ ባለ 8 በመቶ ካፕሳይሲን የተባለ አለ፤ ካፕሳይሲን በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ቤት ውስጥ የሚለጠፍ አይደለም። በጤና ተቋም ውስጥ ባለሙያው የናይትራይል ጓንት አጥልቆ (ተራው የላቴክስ ጓንት አይከላከልም)፣ አስቀድሞ ቆዳውን በማደንዘዣ ቀብቶ ለ60 ደቂቃ ይለጥፈዋል፤ በሥኳር ሕመም ለተጎዱ እግሮች ከሆነ ለ30 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ሰዓት የሚሰማው የማቃጠል ሥቃይ ቀላል ስላልሆነ የደም ግፊትም ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። የጠቀመው ሰው ግን ከሦስት ወር በፊት መድገም አያስፈልገውም፤ በየቀኑ ክኒን ለመዋጥ ለሰለቸ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐኪሜ ከሞርፊን ክኒን ወደ ፌንታኒል ፓች አዛወረኝ። የመጀመሪያውን ፓች ጠዋት ለጥፌ እስከ ማታ ሕመሙ ስላልታገሠልኝ ሁለተኛ ልጨምር ስል ባለቤቴ ከለከለችኝ። ቶሎ እንዲሠራ በላዩ ላይ ሙቅ ውኃ የያዘ ላስቲክ ባስቀምጥበትስ? ደግሞ አንዳንድ ቀን በጣም ሲያደነዝዘኝ አውልቄው ብተኛ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ ባለቤትዎ ልክ ናቸው፤ ሙቅ ውኃውንም ይተዉት። ክኒን ተውጦ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ሥራውን ሲጀምር፣ ፌንታኒል ግን መጀመሪያ የቆዳውን የላይኛ ንብርብሮች መሙላት አለበት። ታንከሩ ሳይሞላ ከቧንቧው ውኃ እንደማይወርድ ሁሉ፣ መድኃኒቱ ቆዳው ውስጥ ተጠራቅሞ ከዚያ ወደ ደም እስኪሻገር ድረስ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ያልፋል፤ በደም ውስጥ ያለው መጠን ጣሪያው ላይ የሚደርሰው ደግሞ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ማታ ሁለተኛ ፓች ቢጨምሩ ኖሮ፣ የሁለቱም ኃይል የሚደርሰው እርስዎ ተኝተው ሳለ ይሆን ነበር። ለዚህ ነው ሐኪሞች ለመጀመሪያው ቀን ቶሎ የሚሠራ ማስታገሻ ጨምረው የሚያዙት፤ ካልታዘዘልዎት ይጠይቁ። የፓቹ መጠን ቢያንስ ሦስት ቀን ሳይሞላ አይጨመርም፣ ከዚያም በኋላ የሚጨምረው ሐኪምዎ ነው።

አውልቆ መተኛትም የሚያስቡትን አያደርግም። ፓቹ ቢነሣም በቆዳው ውስጥ የተጠራቀመው መድኃኒት ወደ ደም መግባቱን ይቀጥላል፤ መጠኑ ወደ ግማሽ ለመውረድ 17 ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ማታ አውልቀው ጠዋት ቢለጥፉ ድንዛዜው ሌሊቱን ሳይለቅቅዎት፣ በማግሥቱ ሕመሙ ይመለስብዎታል። ድንዛዜው የሚደጋገም ከሆነ መጠኑ በዝቶብዎት ወይም ሌላ መድኃኒት ተደርቦበት ሊሆን ስለሚችል ለሐኪምዎ በዚያው ቀን ይንገሩ። ክላሪትሮማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ፣ ኬቶኮናዞል የተባለው የፈንገስ መድኃኒትና ሪቶናቪር የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒት ፌንታኒል ከሰውነት የሚወገድበትን መንገድ ስለሚዘጉ መጠኑ እንዲጠራቀም ያደርጋሉ። ዲያዜፓምን የመሰሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች እንዲሁም አልኮል ደግሞ ትንፋሽን በማዳከም ይተባበሩታል።

ሙቀትን በተመለከተ፣ ቆዳ ሲሞቅ የደም ሥሮቹ ስለሚሰፉ መድኃኒቱ በፍጥነት ይገባል። ላስቲኩ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ፣ ሳውና፣ ረጅም የሙቅ ውኃ ገላ መታጠብና በፓቹ ላይ የሚያርፍ ጠንካራ ፀሐይ ሁሉ ያው ናቸው። ብዙዎች የሚረሱት ግን ትኩሳትን ነው። የሰውነት ሙቀት 40 ዲግሪ ሲደርስ በደም ውስጥ ያለው የፌንታኒል መጠን በአንድ ሦስተኛ ያህል ሊጨምር እንደሚችል በስሌት ተገምቷል፤ ስለዚህ ትኩሳት ከያዘዎት ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ያማክሩ።

ባለቤትዎ ሊያውቋቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ ሲቀሰቀሱ ለመንቃት መቸገር፣ ትንፋሹ እየዘገየ መሄድ ወይም ባልተለመደ ሁኔታ ማንኮራፋት፣ የዓይን ብሌን እንደ ነጥብ መጥበብ። እነዚህ ከታዩ ፓቹ ወዲያውኑ ይነሣ፣ የድንገተኛ ሕክምና እርዳታ ይጠራ፣ የፌንታኒልን ሥራ የሚያከሽፈው ናሎክሶን የተባለ መድኃኒት ቤት ውስጥ ካለ ይሰጥ። ከናሎክሶን በኋላ ቢነቁም ሆስፒታል መሄዱ አይቀርም፤ የናሎክሶን ሥራ ሲያልቅ ቆዳው ውስጥ ያለው ፌንታኒል ገና አላለቀምና።

የተነሣው ፓችም ባዶ አይደለም፤ ከ72 ሰዓት በኋላ እንኳ ለሕፃን የሚበቃና የሚተርፍ መድኃኒት ይቀርበታል። የተጣሉ ፓቾችን አንሥተው ቆዳቸው ላይ የለጠፉ ወይም አፋቸው ውስጥ የከተቱ ሕፃናት ሞተዋል። ስለዚህ የሚያጣብቀው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲሆን ለሁለት አጥፈው ወደ ሽንት ቤት ውኃ ይልቀቁት ወይም የሚቀበል መድኃኒት ቤት ካለ ይመልሱት፤ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አይጣሉት። ልጅ ታቅፈው የሚተኙ ከሆነም ጠዋት ፓቹ በቦታው መኖሩን ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ ለጉልበቴ ሕመም ዲክሎፌናክ ፓች እጠቀማለሁ። ከሥሩ ያሳክከኛል፣ ቶሎም ይላቀቅብኛል። በቅርቡ ደግሞ የኤም አር አይ ምርመራ ታዞልኛል።

መልስ፦ ዲክሎፌናክ ፓች እንደ ሊዶኬይኑ በቦታው ከሚሠሩት ወገን ነው፤ ይበልጥ የሚታወቀውም ለወለምታና ለምት ለአጭር ጊዜ ሲውል ነው፤ ለዘለቄታው የጉልበት ሕመም ጄሉ ስለሚመረጥ ሐኪምዎን ይጠይቁ። ወደ ደም የሚገባው ከክኒኑ በእጅጉ ያነሰ ቢሆንም፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ሳያሳውቅ ሊጠቀምበት አይገባም፤ ከዲክሎፌናክ ወይም ከአይቡፕሮፌን ክኒን ጋርም አይደረብም።

የሚላቀቀው ብዙውን ጊዜ ቆዳው ላይ ቅባት ወይም ላብ ስላለ ነው። ቦታውን በውኃ ብቻ አጥበው ፈጽሞ እስኪደርቅ ይጠብቁ፤ ሎሽንና ቅባት አይቀቡ፣ ፀጉር ካለ በመቀስ ይከርክሙት እንጂ በምላጭ አይላጩት። ከለጠፉ በኋላ ለ30 ሰከንድ ያህል በመዳፍዎ ይጫኑት። ቀላል ማሳከክና መቅላት ቦታውን ትንሽ በመቀያየር ይቀንሳል፤ ውኃ የቋጠረ እብጠት ከወጣ ግን መጠቀሙን ያቁሙ።

ለኤም አር አይ ሲሄዱ ፓች መልበስዎን ለባለሙያው ይንገሩ። የአንዳንድ ፓቾች የጀርባ ሽፋን ለዓይን የማይታይ ብረት ስላለበት በመሣሪያው ውስጥ ግሎ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም በ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ አስጠንቅቋል። የእርስዎ ዓይነት ብረት እንዳለበትና እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ ካላገኙት፣ ከምርመራው በፊት አንሥተው ሲጨርሱ አዲስ ይለጥፉ።