«ለልጆቹ ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለአዘጋጆቹ። የምኖረው አዲስ አበባ ከእናቴ ጋር ነው። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ታናሿ ደግሞ 4 ሊሞላው ነው። ባለቤቴ ሜሪላንድ ከሄደ ሁለት ዓመት ሆነው። አሁን የእኛም ቪዛ ተመታልን፣ በሁለት ወር ውስጥ እንሄዳለን። እናቴ ግን አትሄድም። ልጆቹ ምንም አያውቁም። እናቴ «ልጅ ምን ያውቃል፣ ሽርሽር ነው በያቸው፣ እዚያ ሲደርሱ ይረሱታል» ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ለጎረቤት ያወሩታል ብሎ ይፈራል። ትንሹ ማታ ማታ የአያቱን ነጠላ ጫፍ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም፤ ይሄን ሳስብ ሆዴ ይባባል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ እንኳን ደስ አለሽ። ቪዛው እስኪመታ ዝም ማለታችሁ ያለ ነው፣ ብዙዎቻችን እንደዛ ነን። ከዚህ በኋላ ግን ዝም አትበይ። ሽርሽር ነው ብለሽማ በፍጹም። እኔ ልጄን «ለጥቂት ቀን ነው» ብዬ ይዣት ሄጄ፣ ለወራት ጠዋት ጠዋት ትንሿን ቦርሳዋን በር ላይ አስቀምጣ «ዛሬ ነው ወደ ቤት የምንሄደው?» ስትለኝ ከርማለች። አልረሳችም። እኔን ማመን ግን ትታ ነበር።

ለሁለቱም በአንድ ቀን ንገሪያቸው፣ ትልቋን ምስጢር ጠባቂ አታድርጊያት። አጭር አድርጊው፦ «አባባ ጋ ልንሄድ ነው። እዚያ እንኖራለን። እማማ ግን እዚሁ ቤቷ ትሆናለች፣ በስልክ እናያታለን።» ካለቀሱ ይልቀሱ። «በቅርቡ ትመጣለች» የሚል ተስፋ ግን እርግጠኛ ካልሆንሽ አትስጪ። ለትንሹ ሁለት ወር ማለት ምንም አይደለም፤ አስር ቀን ሲቀር አስር ጠጠር ሲኒ ውስጥ አድርጊለትና ማታ ማታ ከአያቱ ጋር አንድ አንድ ያውጣ። እናትሽም የመጨረሻው ቀን ጓዳ ገብተው እንዳያለቅሱ ንገሪያቸው። ፊት ለፊት ይመርቋቸው፣ ይሳሟቸው። ልጅ ሳይሰናበት ሲሄድ አያቱ የተወችው ይመስለዋል።

አንድ ያልጠየቅሽኝን ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት ውስጥ የሚያስከፋው ይሄ ነው። ትንሹ አባቱ ሲሄድ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። አባቱን የሚያውቀው በስልክ ነው። ዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት አበባ ይዞ ሲጠብቃችሁ ልጁ ቀሚስሽ ስር ሊደበቅ ይችላል። ባለቤትሽ ይሄን ከአሁኑ ይወቀው፣ እንዳይከፋው። አንቺም «ሂድ አባባን ሳመው» ብለሽ አትግፊው፣ ራሱ ይቀርባል። እስከዚያው ማታ ማታ ተረት ያውራላቸው። አዲስ አበባ ማታ 2 ሰዓት ሲሆን ሜሪላንድ በበጋቸው ቀን 7 ሰዓት፣ በክረምታቸው 6 ሰዓት ነው፤ የምሳ እረፍቱ ላይ ይገጥምለታል።

በዚሁ የሰዓት ልዩነት ምክንያት የመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት 8 እና 9 ሰዓት ተነስተው እራበን ይሏችኋል፣ አትቆጧቸው። ጠዋት ጠዋት ወደ ብርሃን አውጧቸው።

ትምህርት ቤቱ ብዙ አያስጨንቅሽ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ነፃ ነው፣ እንግሊዝኛ ለማይችል ልጅም ድጋፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። «ሽንት ቤት መሄድ እፈልጋለሁ»፣ «አልገባኝም»፣ «አመመኝ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አስጠኚያት፣ ለመጀመሪያው ቀን ይበቃታል። ክፍል ውስጥ ለወራት ዝም ልትል ትችላለች፤ እየሰማች ነው፣ ዲዳ ሆነችብኝ አትበይ። ቤት ውስጥ ግን አማርኛችሁን አትተዉ። ትንሹ ከአያቱ ጋር በስልክ የሚያወራበት ሌላ ቋንቋ የለውም።

የክትባት ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የትልቋ የትምህርት ውጤት ከነትርጉማቸው በእጅ ቦርሳሽ ይሁኑ። እዚያ የመጨረሻ ስም የሚባለው የአንቺና የልጆቹ ስለማይመሳሰል፣ የልደት ወረቀቱን ደጋግመው ይጠይቁሻል። እናትሽ አሁን የሚለብሱትን ነጠላም ለምኛቸው፣ ከወረቀቶቹ ጋር ያዢው፣ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳታደርጊው። እንዳታጥቢውም፣ ልጁ የሚፈልገው የአያቱን ጠረን ነው።