መጀመሪያ የደመወዝ መዝገቡን እዪ

ጥያቄ፦ በማኔጅመንት ተመርቄ ሜክሲኮ አካባቢ በሚገኝ የሠራተኛ አቅራቢ ኤጀንሲ በቅጥር ክፍል መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። ለባንኮችና ለሆቴሎች የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች እናቀርባለን። ሰሞኑን ሥራ አስኪያጁ «የማኅበራዊ ኃላፊነት ባለሙያ ሁኚ» አሉኝ። የመጀመሪያ ሥራዬ ለበዓል ለአረጋውያን ዘይትና ዱቄት ማከፋፈል ነው። ይህ ሙያ ነው? ወይስ ከሰው ኃይል አስተዳደር መስመር ያስወጣኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ሙያ ነው፤ ተቀበዪው። ግን ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር ጠይቂ፤ የራሳችሁን ሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ እንድታዪ ይፈቀድልሽ።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት እኔም እንደናንተ ባለ ድርጅት ውስጥ ነበርኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጡ፤ እንደ አባቴ ያሉ ሰው። ቆባቸውን አውልቀው በፌስታል የተጠቀለለ የደመወዝ ወረቀት ከውስጡ አወጡና «ልጄ፣ ይቺ በየወሩ የምትቆረጠው የት ነው የምትገባው?» አሉኝ። ጣታቸው ያረፈው የጡረታ መዋጮው ላይ ነበር። ሄጄ ሳጣራ ለወራት ገቢ አልተደረገችም። በዚያው ሰሞን ችግኝ ስንተክል የተነሳነው ፎቶ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር፤ በሥሩ ባለፍኩ ቁጥር አፍር ነበር።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ 7 በመቶ ይቆረጥበታል፣ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምራል። የናንተ ጥበቃዎች ባንክ በር ላይ ቢቆሙም ውላቸው ከናንተ ጋር ስለሆነ አሠሪያቸው እናንተ ናችሁ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ኤጀንሲ ከሠራተኛ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ክፍያ ሳይቀበል የሚሠራ መሆኑን ይናገራል፤ ኢትዮጵያ ያጸደቀችው የዓለም ሥራ ድርጅት 181ኛ ስምምነትም መንፈሱ ይኸው ነው። ስለዚህ መዝገቡን ስታዪ «መመዝገቢያ»፣ «ማስያዣ» የሚል ነገር ካገኘሽ እዚያ ላይ ቁሚ። የሥራ ሰዓቱን ሕጉ ከወሰነው በቀን 8 ሰዓትና በሳምንት 48 ሰዓት ጋር አስተያዪው፤ ሌሊት አዳሪ ጥበቃዎች ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ነው።

ከሁሉም ግን ልብ እንድትዪው የምፈልገው የጨረታ ዋጋችሁን ነው። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። ኤጀንሲ ጨረታ ለማሸነፍ ዋጋ ሲሰብር ልዩነቱ የሚወጣው ከጽዳት ሠራተኛዋ ኪስ ነው። የናንተ ዓይነት ድርጅት ማኅበራዊ ኃላፊነቱ የሚፈተነው የበዓል ቀን ሳይሆን ያ ዋጋ በሚሞላበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንቺም እዚያ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ከሌለሽ ሥራሽ ፎቶ ማንሳት ብቻ ሆኖ ይቀራል ብዬ እፈራለሁ።

የቅጥር ማስታወቂያውም በእጅሽ ያለ ነገር ነው። አራት ኪሎ ሰሌዳ ሥር ቆሞ ስልክ ቁጥር የሚገለብጠውን ልጅ አስቢው፤ ለታክሲ የተበደረ ሊሆን ይችላል። «የተሟላ አካል ያለው» የምትል አንዲት ሐረግ ገና ከበር ትመልሰዋለች። አካል ጉዳተኞች በሥራ እንዳይገለሉ የሚደነግገው አዋጅ 568/2000 ከወጣ ስንት ዓመቱ! ቃለ መጠይቅ ላላለፉትም አጭር መልስ ይላክላቸው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሲጠብቅ ለሚከርም ሰው ግን ትልቅ ነገር ነው።

ከመስመር ያስወጣኛል ላልሽው፣ እንዲያውም ያጠነክርሻል። የሠራተኛ ሕግ፣ የደመወዝ ምርመራና ሪፖርት መጻፍ በአንድ ላይ የሚችል ሰው በአበባ እርሻዎችና በልብስ ፋብሪካዎች ይፈለጋል፤ የውጭ ገዢዎች የሠራተኛ አያያዝን ስለሚመረምሩ።

ለአረጋውያኑ የታሰበው ዘይትና ዱቄት ይሰጥ፤ አትቃወሚው። የሥራ መደቡ ዝርዝር በጽሑፍ ሲደርስሽ ግን ከመፈረምሽ በፊት ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።