ከሕፃን ጋር ወደ ባሕር ዳር

ጥያቄ፦ ለፋሲካ አያቶቹን ለመጠየቅ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር ስንሄድ የሁለት ዓመት ልጃችንን መንገድ ላይ ያስመልሰዋል፤ ከደረስንም በኋላ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል። ምን ይመክሩናል? (እናት፣ ከአዘዞ)

መልስ፦ ውድ እናት፣ ልጅዎን የሚያስመልሰው ዓይኑ የመኪናውን ውስጥ ብቻ ሲያይ ውስጣዊ ጆሮው ግን የመንገዱን መጠማዘዝ ስለሚሰማ፣ ሁለቱ መልእክቶች ስለሚጋጩበት ነው። ስለዚህ ስልክ አያስይዙት፤ ፊት ለፊት ወደ ውጭ አርቆ እንዲያይ ያድርጉ፣ መስኮቱንም ትንሽ ይክፈቱለት። ከመነሣትዎ በፊት ግማሽ ሙዝ ወይም ቁራሽ ዳቦ ይበቃዋል። ለአዋቂ የታዘዘ ማስታወክን የሚከላከል መድኃኒት ያለ ሐኪም ምክር ፈጽሞ አይስጡት። መንገዱ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ መንገድ ላይ ባለችው አዲስ ዘመን ከተማ ሾፌሩን አስቁመው፣ ከአንቀልባው አውርደው ጥቂት ያስሩጡት፤ እኔ ከሁሉ የማምነው በዚህ ነው።

ለእንቅልፉ፣ ቤት የሚለብሳትን ጋቢ ሳያጥቡ ይዘውለት ይሂዱ፤ የለመደው ሽታ በእንግዳ ቤት ያረጋጋዋል። ባሕር ዳር ከጎንደር ዝቅ ያለችና ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ በመሆኗ የወባ ትንኝ አለና፣ አጎበሩን ከሻንጣው በላይ አድርገው ያስቀምጡ፤ ማታ ደክሟችሁ ስትገቡ ፍለጋ እንዳይሆን።