ንቦቹ በቀፎው ግንባር ላይ ሲከመሩ

ጥያቄ፦ ከሰበታ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ግቢዬ ሁለት ዘመናዊ ቀፎዎች አሉኝ። ሚያዝያ ከገባ ወዲህ ከሰዓት በኋላ ንቦቹ ወጥተው በቀፎው ግንባር ላይ ይከመራሉ። ሊኮበልሉብኝ ይሆን? ጎረቤቴ ጭስ ስጣቸው፣ ውኃም ርጭባቸው ይለኛል።

መልስ፦ ጭሱም ውኃውም ይቆይ። መጀመሪያ ሰዓቱን ይዩ። ከ8 እስከ 10 ሰዓት ወጥተው አመሻሹ ላይ ከገቡ ምክንያቱ ሙቀት ነው። በእናንተ አካባቢ ሌሊቱ ስለሚቀዘቅዝ፣ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውጭ ተከምረው ካገኟቸው ግን ሙቀት አይደለም፤ ቤቱ ጠቧቸዋል። ሌሊቱም በሚሞቅበት ቆላ ይህ መለያ ብዙም አይሠራም።

እጭ የሚያድግበት ቦታ ከ34 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከዚያ ሲያልፍ አንዳንዶቹ ሠራተኞች መግቢያው ላይ ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው በክንፋቸው ያራግባሉ፤ ሌሎቹ ውኃ አምጥተው እንጀራው (ከሰም የሠሩት ቤታቸው) ላይ ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፣ ውኃው ሲተን ቤቱ ይቀዘቅዛል። ሥራ የሌላቸው ደግሞ የሰውነታቸው ሙቀት እንዳይጨመርበት፣ የአየሩም መንገድ እንዳይዘጋ ወጥተው ይጠብቃሉ። ጭስ ሲሰጧቸው ከሸሹት ሙቀት ውስጥ መልሰው ይከቷቸዋል።

አዲስ አበባ ዙሪያ ንብን የሚያስጨንቀው ባብዛኛው አየሩ ሳይሆን ፀሐይ ያገኘው የቆርቆሮ ክዳን ነው። ከክዳኑ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የሣር ዳስ ይሥሩላቸው። ሣሩን በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ አያንጥፉ፤ አየር አያልፍበትም፣ ለጉንዳንና ለአይጥም መደበቂያ ይሆናል። ጥላው ከ6 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ ይከልል እንጂ የጠዋቱን አይከልክል፤ ደጋ ላይ ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ የሚውል ቀፎ ዘግይቶ ነው ሥራ የሚጀምረው።

መግቢያውን ለብርድ አጥብበውት ከነበረ ይክፈቱት። በውስጠኛው ክዳን ሥር ቀጭን ስንጥር አስገብተው ከ3 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ ክፍተት ይተዉ፤ አየር ያልፋል፣ ንብ አያልፍም። ክረምት ሲገባ ስንጥሩን ያውጡ፤ እርጥበት ያስገባል።

ውኃውን ቀፎው ላይ ሳይሆን ከቀፎው 20 ሜትር ያህል ራቅ አድርገው በጥላ ሥር በሰፊ ዕቃ ያኑሩላቸው። ቆመው የሚጠጡበት ጠጠር ይጨምሩበት፤ ያለዚያ ሰጥመው ያልቃሉ። ሞቃት ቀን አንድ ቀፎ አንድ ሊትር ገደማ ሊያመላልስ ስለሚችል በየቀኑ ይሙሉት። ንብ አንዴ የለመደችውን ውኃ በቀላሉ አትተውም፤ ከጎረቤት ቧንቧ ወይም ከከብቶች ገንዳ ጋር ከተላመደች በኋላ መመለሱ ከባድ ነው፣ ጠቡም ከዚያ ይመጣል።

ጠቧቸው ከሆነ ግን ጥላ ብቻውን አይበቃም። አመሻሹ ላይ ጥቂት አጭሰው ይክፈቱ። እኩለ ቀን ላይ መክፈት አደጋ አለው፦ ሰም 40 ዲግሪ አካባቢ ስለሚለሰልስ ማር የሞላው እንጀራ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ንቦቹም በአካባቢው የታሰረ ከብት ላይ ይወርዳሉ። ከ10 ፍሬሞች (እንጀራው የሚሠራባቸው የእንጨት ክፈፎች) 8ቱን ንብ ከሸፈናቸው አሻራ ሰም (የእንጀራ ቅርጽ የታተመበት ስስ ሰም) የተለጠፈባቸውን ፍሬሞች የያዘ የማር ክፍል ይደርቡ። የእጩን እንጀራ የታችኛውን ጠርዝም ይመልከቱ። ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ኦቾሎኒ የሚመስል የንግሥት ቤት ውስጡ እጭ ይዞ ካገኙ መንጋ ሊወጣ እየተዘጋጀ ነው፤ ባዶ ቀፎ ካለዎት ሳይዘገዩ ለሁለት ይክፈሏቸው። የንግሥቱ ቤት የሚታተመው ዕንቁላሉ በተጣለ በ8 ቀን ገደማ ነው፤ መንጋውም አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ሰሞን ይወጣል።

የሚኮበልል ቀፎ ምልክቱ ሌላ ነው። በእግራቸው የጽጌ ብናኝ ይዘው የሚገቡት እያነሱ ይሄዳሉ፤ ሲከፍቱት ዕንቁላልና እጭ የለም ወይም ጥቂት ነው፣ ማሩም ተሟጧል። ጠዋት መግቢያው ላይ አሥር ደቂቃ ቆመው ይመልከቱ፤ ብናኙ በብዛት እየገባ ከሆነ አሁን ለመኮብለል እየተዘጋጁ አይደሉም። ብናኙ ካነሰ መጀመሪያ የቀፎ ማስቀመጫውን እግሮች ይፈትሹ። ጉንዳን እየወጣባቸው ከሆነ እያንዳንዱን እግር የተቃጠለ ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ ያቁሙ፣ ቀፎውን የሚነካውን ሣርና ቅርንጫፍም ያጽዱ። ጉንዳን ከሌለ ግን የምግብ እጥረት ሊሆን ስለሚችል አንድ ኪሎ ስኳር በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውኃ በጥብጠው ማታ ማታ ቀፎው ውስጥ ያኑሩላቸው። ቀን ከሰጡ፣ ደጅ ላይም ካፈሰሱ የሌላ ቀፎ ንብ ለዘረፋ ይመጣል።