ጥምዝምዝ ቧንቧ ይሻላል ወይስ ቀጥ ያለው? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፔንሲዮን አለችኝ። ጣሪያ ላይ ካለው ሶላር የሚመጣውን ሙቅ ውሃ በመዳብ ቧንቧ 200 ሊትር ታንከር ውስጥ አሳልፈን የሻወሩን ውሃ ልናሞቅበት አስበናል። ብየዳ የሚሰራልኝ ልጅ ደሞ "ጋሼ ቧንቧውን ካልጠመዘዝነው ዋጋ የለውም፣ ጥምዝምዝ ከሆነ እጥፍ ያሞቃል" ይለኛል። እውነቱን ነው? ስንት ሜትርስ ልግዛ?

መልስ፦ ልጁ አልዋሸም ጋሼ፣ ግን "እጥፍ" ያላት ነገር እርስዎ ታንከር ውስጥ አትሰራም። ሚኒባስ አራት ኪሎን ሲዞር ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ውጪ በኩል ይገፋ የለ፣ ውሃም በተጠመዘዘ ቧንቧ ሲሄድ መሃል ላይ ያለው ፈጣኑ ወደ ውጪኛው ግድግዳ ይወረወራል፣ ግድግዳው ጋ የነበረው ቀርፋፋው ደሞ በላይና በታች ዞሮ ወደ ውስጥ ይመለሳል፣ እንዲህ እያለ ጎን ለጎን ሁለት ሽክርክሪት ይፈጠራል። ይሄን በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በሂሳብ ያሳየው ዲን የሚባል እንግሊዛዊ ነው፣ ሽክርክሪቱም እስካሁን በሱ ስም ነው የሚጠራው። ጥቅሙ ምንድነው ካሉ፣ ግድግዳው ላይ ተኝቶ ሙቀት እንዳያልፍ የሚይዘው ውሃ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል፣ ያለ ምንም ማማሰያ ይማሰላል ማለት ነው። በነፃ ግን አይደለም፣ ፓምፑ ከቀጥታው ቧንቧ የበለጠ መግፋት አለበት።

ችግሩ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ቧንቧው ውስጥ ነው። ሙቀቱ ግን ቧንቧውን አልፎ ታንከሩ ውስጥ ላለው ውሃ መድረስ አለበት፣ እዛ ጋ ደሞ ውሃው ቆሟል፣ የሚንቀሳቀሰው ሲሞቅ ቀለል ብሎ ወደ ላይ ስለሚወጣ ብቻ ነው። ደካማው ጎን እሱ ነው፣ የውስጡን ምንም ያህል ቢያሻሽሉት የውጪው እስካለ ድረስ ጠቅላላው ብዙም ፈቅ አይልም። ስለዚ ለእርስዎ የጥምዝምዙ ትልቁ ጥቅም ረጅም ቧንቧ ጠባብ ቦታ ውስጥ ማስገባቱ ነው፣ በቃ፣ ዋናው ሜትሩ ነው።

እናስላው እንግዲህ። 200 ሊትር ውሃ ከ15 ወደ 50 ዲግሪ ለማድረስ 8 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ በ2 ሰዓት ይሙቅልኝ ካሉ 4 ኪሎዋት ነው። ቧንቧው ውስጥ ያለው ውሃ ከታንከሩ በአማካይ በ30 ዲግሪ ቢሞቅና ቆሞ ለሚሞቅ ውሃ በካሬ ሜትር በዲግሪ 500 ዋት ይተላለፋል ብለን ብንይዝ 0.27 ካሬ ሜትር ይወጣል። 15 ሚሊሜትር ቧንቧ በሜትር 0.047 ካሬ ስላለው ወደ 6 ሜትር መሆኑ ነው። እኔ ብሆን ግን 10 ሜትር ነበር የምገዛው፣ ምክንያቱም ቧንቧው ላይ ነጭ ቅርፊት መያዙ አይቀርም፣ በተለይ የጉድጓድ ውሃ ከሆነ፣ ክረምት ላይ ደሞ ያ 30 ዲግሪ የሚባለው ነገር ህልም ነው። 30 ሳንቲ ስፋት ላይ ሲጠመዘዝ 10 ዙር ከምናምን ይመጣል። ሶላሩ 4 ኪሎዋት ካልሰጠ ኮይሉ (ጥምዝምዙ ቧንቧ ማለት ነው) ከየትም አያመጣውም ደሞ፣ ቀትር ላይ እንኳን 1 ካሬ ሜትር ላይ የሚያርፈው ፀሐይ 1 ኪሎዋት ገደማ ነው፣ ከሱም ላይ የሚባክን አለ።

ልጁን እነዚህን ይንገሩት፦ ኮይሉ ታች ይቀመጥ እንጂ ላይ አይሁን፣ ላይ ከሆነ የታችኛው ውሃ ቀዝቅዞ ይቀራል። ዙሮቹ አይነካኩ፣ ቢያንስ የቧንቧውን ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑራቸው። ሲጠመዝዝ እንዳይታጠፍበት ደረቅ አሸዋ ሞልቶ ጫፎቹን ይድፈን። ታንከሩ ዚንክ የተቀባ ብረት ከሆነ ደሞ መዳቡን በቀጥታ እንዳያገናኝበት፣ ዚንኩ ቶሎ ይበላል፣ ከዛ ታንከሩን ራሱ ዝገት ይጀምረዋል። ምናለሽ ተራ የተገኘ የፍሪጅ ቱቦ "ያው መዳብ ነው" ብሎ ካመጣ ይመልስ፣ ቀጭን ነው፣ ውስጡም ዘይት አለው። ሴፍቲ ቫልቭ (ግፊት ሲበዛ የሚያስተነፍሰው) ሳይኖር ግን ምንም አይጀመር።

ጥያቄ፦ 5 ኪሎ ተማሪ ነኝ። ከተጠቀለለ ላሜራ የሚሰራ ሂት ኤክስቼንጀር (ሙቀት ከአንዱ ፈሳሽ ወደ ሌላው የሚያስተላልፍ ዕቃ) አለ አሉን፣ ከኮይሉ በምን ይለያል?

መልስ፦ እሱ ቧንቧ አይደለም። ሁለት ረጅም ላሜራ መሃላቸው ክፍተት እየተተወ አንድ ላይ ይጠቀለላል፣ ሁለት መንገድ ይወጣል፣ ሙቁ ከመሃል ወደ ውጪ ሲሄድ ቀዝቃዛው ከውጪ ወደ መሃል ይመጣል። የምወድለት ነገር ምን መሰለህ፣ ለእያንዳንዱ ፈሳሽ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ብዙ ቱቦ ያለው ኤክስቼንጀር ላይ አንዱ ቱቦ ቆሻሻ ሲይዝ ፈሳሹ በጎረቤቱ ያልፍና የተደፈነው እንደተደፈነ ይቀራል፣ እዚህ ግን ማምለጫ ስለሌለው የጠበበው ቦታ ላይ ፍጥነቱ ይጨምርና ቆሻሻውን ራሱ ይጠርገዋል። ለዚህ ነው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ስዊድን ውስጥ ለወረቀት ፋብሪካ የተሰራው፣ ቃጫ የበዛበት ፈሳሽ ነዋ። ዛሬም ለፍሳሽ ዝቃጭና ለወፍራም ነገር ይመረጣል። ከፍተኛ ግፊት ላይ ግን ላሜራው አይችልም፣ መሃሉ ካፈሰሰ ደሞ ብየዳ ማስገባቱ ራሱ ፈተና ነው። ለግፊት የተጠመዘዘ ቱቦ ይሻላል፣ ሊንደ የሚባል ጀርመናዊ በ1895 (እ.ኤ.አ.) አየርን ወደ ፈሳሽ ሲቀይር የተጠቀመው በረጅሙ የተጠመዘዘ ቱቦ ነበር፣ የተፈጥሮ ጋዝ ማቀዝቀዣዎችም ላይ ዘሩ አለ። ንፁህ ወተት ለማሞቅ ከሆነ ሁለቱንም ተውና ፕሌት የሚባለውን፣ ከተደራረቡ ስስ ላሜራዎች የሚሰራውን ውሰድ፣ ተፈቶ ይታጠባል።

ጥያቄ፦ አክስቴ አረቄ ታወጣለች፣ ቱቦው ቀጥ ያለ ነው። በኮይል ብቀይርላት ይበልጥ ይወጣል?

መልስ፦ እንፋሎቱ ሳይቀዘቅዝ የሚያመልጥ ከሆነ አዎ፣ ካልሆነ ግን ያው ነው፣ ከጋኑ ከተነሳው በላይ አይወጣም። ከቀየርሽ ንፁህ መዳብ ይሁን፣ በእርሳስ የተበየደ ወይም የመኪና ራዲያተር በፍፁም። ኮይሉ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ መውረድ አለበት፣ አንዷ ዙር እንኳን ወደ ላይ ከተነሳች አረቄው እዛ ይተኛና እንፋሎቱ በግፊት ይተፋዋል። ቀዝቃዛውን ውሃ በባልዲው በታች በኩል አስገቢ፣ የሞቀው በላይ ይውጣ።