ላሟ ለምን አጥንት ታኝካለች?

ከተሁለደሬ አንድ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውናል፦ «ላሜ ከወለደች ሦስት ወሯ ነው። ቁስል የላትም፤ ግን ስትነሳ ታቃስታለች። ስትራመድ እግሯ እንጨት ይመስላል። አንድ ቀን በቀኙ፣ አንድ ቀን በግራው ታነክሳለች። አጥንት ካገኘች ጥላ አታልፍም። ቀለቧ የማሽላ አገዳና የጤፍ ጭድ ነው። ምን ነክቷት ነው?»

አባቴ፣ አጥንት ማኘኳን መንገርዎ ትልቅ ነገር ነው። ፎስፈረስ የሚባለው ማዕድን ያነሳት ይመስለኛል። በእያንዳንዱ ሊትር ወተት ወደ 1 ግራም ፎስፈረስ ከሰውነቷ ይወጣል። አገዳና ጭድ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ይህን አይተኩም። ስለዚህ ከገዛ አጥንቷ እየቀነሰች ለጥጃዋ ታልባለች። አጥንቱ ሲሳሳ ያማታል፤ ሲብስ ተንሸራታ ብትወድቅ እንኳ ይሰበራል።

ግን አደራ፣ መጀመሪያ ሰኮናዋን አንስተው ይዩ። ጭቃውን ይጠቡና በጣቶቹ መሃል ጠጠር ወይም እሾህ ይፈልጉ። ክፉ ሽታና እብጠት ካለ የሰኮና መበስበስ ነው። አፏ ቆስሎ ለሃጯ ከተዝረበረበ አፍተግር ሊሆን ስለሚችል ከሌሎቹ ይለዩዋት። ወይፈን ወይም ጊደር ጭኑ አብጦ፣ ሲጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ ግን አባ ጎርባ ነው፤ እሱ ለነገ አይባልም፣ ያኔውኑ ሐኪም ይጥሩ።

እነዚህ ከሌሉ ቀለቧን ያስተካክሉ። የስንዴ ፉርሽካ በፎስፈረስ የታወቀ ነው፤ በኪሎ 10 ግራም ያህል አለው። በቀን ግማሽ ኪሎ ይጀምሩና በሳምንት ውስጥ ቀስ ብለው እስከ 2 ኪሎ ያድርሱት። የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ካገኙ ትንሽ ይቀላቅሉበት። ጨው ያስልሷት። ጨው ብቻውን ግን ፎስፈረስ የለውም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ፎስፈረስ ያለበት የማዕድን ጨው ከእንስሳት ጤና ኬላ ይጠይቁ።

በአካባቢዋ የወደቀውን አጥንት ሁሉ ለቅመው ይቅበሩ። የበሰበሰ አጥንት ሰውነቷን አስልሎ የሚገድል መርዝ አለበት፤ የአባ ሰንጋም ስጋት አለ። ላሟን ዳገት አያውጧት፤ ደረቅ ጭድ አንጥፈው ያስተኟት። ለጊዜው አለባውንም ቀነስ ያድርጉላት። አጥንት ማኘኩን ከእግሯ ሕመም ቀድማ ትተወዋለች፤ እግሯ ግን ሳምንታት ይፈልጋል። ከነጭራሹ መነሳት ካቃታት ሐኪሙ ቤትዎ ድረስ ይምጣ።