ዓርብ ዘፈን ለቀው እሑድ ለሚቀብሩ ልጆች

ሰላም ለእናንተ፣ የስቱዲዮ ልጆች።

ዕድሜዬን የፈጀሁት ሚክሰር ጀርባ ተቀምጬ ነው። በካሴት ጀምሬ፣ በሲዲ አልፌ፣ አሁን ደግሞ እናንተ በላፕቶፕ የምታወጡትን እሰማለሁ። ጎበዞች ናችሁ፤ ለማባበል አይደለም የምለው። ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ዘፈኑ ዓርብ ይለቀቃል፤ እሑድ «አልሄደም» ይባልና ይረሳል። የሠራው ልጅ ቅዳሜ ሌሊቱን ቪው ሲቆጥር ያድራል።

ስለዚህ ሦስት የሮክ አልበሞች ልስጣችሁ። ሦስቱም በ1987 እ.ኤ.አ. የወጡ ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁሉም 1979 ላይ ይወድቃሉ። ሮክ አትወዱ ይሆናል። ግድ የለም፣ እኔ የምፈልገው አሠራራቸውን እንድታዩ ነው።

የአሜሪካኑ ባንድ የገንዝ ኤን ሮዝስ የመጀመሪያ አልበም፣ «አፐታይት ፎር ዲስትራክሽን»፣ ጁላይ ላይ ወጣ። ሲወጣ ዞር ብሎ ያየው የለም ማለት ይቻላል። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የአልበም ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው 182ኛ ሆኖ ነው። የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤም ቲ ቪ ክሊፓቸውን ሲያቅማማ ቆይቶ፣ በስንት ልመና ሰው በተኛበት ሰዓት ለቀቀው። አልበሙ አንደኛ የወጣው በኦገስት 1988፣ ከዓመት በኋላ ነው። በመሃል ልጆቹ የሌላ ባንድ ኮንሰርት እየከፈቱ ከከተማ ከተማ ይዞሩ ነበር። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡ የመጀመሪያ አልበሞች አንዱ ነው።

«ስዊት ቻይልድ ኦ ማይን» ሲጀምር የምትሰሙትን ጊታር ታውቁታላችሁ። የባንዱ ጊታሪስት ስላሽ ጣቱን ሲያፍታታ የነካካው ነገር ነው፤ ራሱ ከቀልድ አልቆጠረውም ነበር። ስልካችሁ ላይ ቀድታችሁ የረሳችኋቸውን ነገሮች እስቲ መለስ ብላችሁ ስሟቸው።

የእንግሊዙ ባንድ የዴፍ ሌፓርድ «ሂስቴሪያ» ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የ1984 እ.ኤ.አ. የመጨረሻ ቀን ላይ ከበሮ መቺያቸው ሪክ አለን እንግሊዝ ውስጥ፣ ሼፊልድ አጠገብ፣ የመኪና አደጋ ደረሰበትና ግራ እጁን አጣ። ከበሮ መቺ ነው እንግዲህ! ጓደኞቹ ግን ሌላ ሰው አልቀጠሩም። ጠበቁት። ግራ እጁ ይመታው የነበረውን ግራ እግሩ በፔዳል እንዲመታው ሆኖ የኤሌክትሮኒክ ከበሮ ተሠራለት። ልምምዱን ከዜሮ ጀመረ። ኦገስት 1986 እንግሊዝ ውስጥ፣ ዶኒንግተን በተደረገው ትልቅ የሮክ ኮንሰርት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ወጥቶ መታ።

ፕሮዲውሰሩ ማት ላንግ ደግሞ የማይሰለች ሰው ነው። አንዳንድ ቦታ የጊታሩን ኮርድ፣ አብረው የሚመቱትን ኖታዎች ማለቴ ነው፣ አንድ ላይ አላስመታም። ኖታዎቹን አንድ በአንድ አስቀድቶ ነው የደረባቸው። ሥራው ዓመታት ፈጀ። ወጪውን ለመመለስ ብቻ ሚሊዮኖች መሸጥ ነበረበት፤ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። የሚገርመው፣ ከአልበሙ በጣም የታወቀው «ፖር ሰም ሹገር ኦን ሚ» ሥራው አለቀ በተባለበት ሰዓት ነው ቶሎ ተሠርቶ የገባው። እውነቱን ለመናገር ድምፁ ለእኔ ጆሮ ከልክ በላይ የተወለወለ ነው። የዚያን ከበሮ መቺ ወንበር ባዶ አድርጎ የጠበቀ ባንድ ግን አከብራለሁ።

ሦስተኛው የአየርላንዱ ባንድ የዩቱ «ዘ ጆሹዋ ትሪ» ነው፤ ማርች ላይ የወጣ። ይኼ ከእኛ ጋር ይገናኛል። በ77ቱ ድርቅ ማግስት፣ ለድርቁ ተጎጂዎች ገንዘብ ከተሰበሰበበት ከላይቭ ኤይድ ኮንሰርት በኋላ፣ ዘፋኙ ቦኖ ከሚስቱ ከአሊ ጋር ወደ ወሎ መጥቶ አጂባር ላይ በመጠለያ ውስጥ ለሳምንታት በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። ለልጆች ስለ ጤናና ስለ ንጽሕና የሚያስተምሩ ትንንሽ መዝሙሮችና ተውኔቶች ያዘጋጁ ነበር። የአልበሙ መክፈቻ «ዌር ዘ ስትሪትስ ሃቭ ኖ ኔም» ስንኞች እዚህ አገር ሳለ መጀመራቸውን ራሱ ተናግሯል። በአንድ በኩል ደግሞ የሰሜን አየርላንዷ ከተማ ቤልፋስት አለችበት፤ እዚያ የምትኖርበትን ጎዳና ስም የሰማ ሰው ሃይማኖትህንም ኪስህንም ይገምታል ይባላል።

ዘፈኑ ግን ስቱዲዮ ውስጥ አላላውስ አለ። መግቢያው በሦስት ምት ይሄድና ወደ አራት ይገለበጣል፤ ባንዱ እዚያ ላይ ይሳከርበት ነበር። ከሁለቱ ፕሮዲውሰሮች አንዱ ዳንኤል ላንዋ ኮርዶቹን ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ እንደ አስተማሪ እየጠቆመ አሻገራቸው። ሌላው ብራያን ኢኖ በጣም ከመሰላቸቱ የተነሳ ቴፑን ደምስሶ እንደ አዲስ ሊያስጀምራቸው አስቦ እንደነበር፣ አንድ የስቱዲዮ ኢንጂነርም እንዳስጣለው ይወራል። የአልበሙ ጊዜ ትልቅ ክፍል በዚህ አንድ ዘፈን ላይ አለቀ። ሲያልቅ ግን ስሙት! ኦርጋኑ ከሩቅ ይመጣል፣ ጊታሩ ይከተላል፣ ዘፋኙ አፉን እስኪከፍት ወደ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይሄዳል። ዛሬ «ሰው በሦስተኛው ሰከንድ ያልፈዋል» ብላችሁ የምትቆርጡት ቦታ ነው።

አንድ ማታ ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና ከሦስቱ አንዱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስሙ። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ። በሌላ ቀን ቤዙን ብቻ ተከተሉ፣ ከዚያ ከበሮውን። የ«ሂስቴሪያ»ን ከበሮ ስትሰሙ የትኛው በእጅ፣ የትኛው በእግር እንደተመታ ለመለየት ሞክሩ። እኔ እስካሁን እርግጠኛ የማልሆንባቸው ቦታዎች አሉ።